የዘር ሰብሳቢው ሊቅ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ታሪክ

ከሐረር ጁገል ቅጥር ውጭ ድሬ ጠያራ የሚባል አገር አለ። ስሙ በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ማሽላው በደረሰ ጊዜ አጨዳውን ከመጀመሩ በፊት በእርሻው መካከል ይመላለሳል። ዛላው የሞላውን፥ አገዳው የጠነከረውን፥ ተባይ ያልነካውን መርጦ ለብቻው ይቈርጣል። ይህ የተመረጠው ዛላ ለምግብ አይሆንም፤ ለሚመጣው ዓመት ዘር ይሆናል። የማሽላውም ዘር ሁሉ ስም አለው፤ አንዱ ሙይራ፥ አንዱ ፈንዲሻ፥ አንዱ ወገሬ ይባላል። ገበሬው የእያንዳንዱን ጠባይ እንደ ልጆቹ ጠባይ ያውቃል።

ከሙይራ ዘር ሙይራ፥ ከፈንዲሻም ዘር ፈንዲሻ የሚበቅለው ስለ ምንድር ነው? ልጅስ አባቱን ወይም እናቱን፥ አንዳንድ ጊዜም አያቱን የሚመስለው ስለ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረ፥ በመጨረሻም ስለ እርሱ የሞተ አንድ ሊቅ ነበረ። ይህም ሊቅ ወደ ሐረር አገር መጥቶ ነበር። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቍጥር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። ሞስኮ ቀድሞ መስኮብ ይባል በነበረው፥ ዛሬ ሩስያ በሚባለው አገር የምትገኝ ታላቅ ከተማ ናት። አባቱ ኢቫን ከገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ነበረ፤ በልጅነቱ ወደ ከተማ መጥቶ በንግድ ቤት ከትንሽ ሥራ ጀመረ፥ በትጋቱም የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ሆነ። ልጆቹ በእርሱ ፈንታ ነጋዴዎች እንዲሆኑ አስቦ ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ሰደዳቸው። ነገር ግን የኒኮላይ ልብ ከሚዛንና ከሒሳብ መዝገብ ይልቅ ወደ ሣርና ወደ አዝርዕት አዘነበለ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም ንግዱን ትቶ የብርሃንን ጠባይ የሚመረምር ሊቅ ሆነ። የዚህ ወንድም ነገር በኋላ ይመጣል።

ኒኮላይ በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ቤት ሳለ የመጀመሪያ ምርምሩን ያደረገው ሰው ሁሉ በሚንቀው ፍጥረት ላይ ነበር። በሞስኮ አውራጃ የገበሬውን ቡቃያ የሚበላ፥ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነበረ፤ ቫቪሎቭም ስለ እርሱ መርምሮ ጻፈ፥ ስለ ሥራውም ሽልማት ተቀበለ። ብዙ ተማሪዎች በታላላቅ ነገር መጀመር ይወዳሉ፤ እርሱ ግን ገበሬውን በሚጐዳው ትንሽ ተባይ ጀመረ።

በ1913 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ስለ ዘር ውርስ ለሚደረገው ምርምር ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ያወጣ ይህ ቤትሰን ነው። ቤትሰንም የመሠረት ድንጋዩን ያገኘው ከአንድ መነኵሴ ነበርና፥ የዚህን መነኵሴ ሥራ ሳያውቁ የቫቪሎቭን ታሪክ ማስተዋል አይቻልም።

መነኵሴው ግሬጎር ሜንዴል ይባላል። በኦስትሪያ ንጉሥ ግዛት ውስጥ በነበረችው በብርኖ ከተማ ገዳም ይኖር ነበር። በገዳሙ አትክልት ቦታ ስምንት ዓመት ያህል አተር እየዘራ ፍሬውን ቈጠረ። አንዱ አተር ፍሬው ድቡልቡል ነው፥ ሌላው አተር ፍሬው የተጨማደደ ነው። ሜንዴል እነዚህን ሁለቱን አዳቀላቸው፤ የተወለዱት ሁሉ ድቡልቡል ሆኑ፥ የተጨማደደው ጠባይ የጠፋ መሰለ። የተወለዱትን እንደ ገና ዘርቶ ፍሬውን ሲቈጥር ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ አገኘ፤ ይህም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። እንግዲያስ የተጨማደደው ጠባይ ተሸሽጎ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር።

ሜንዴልም ከዚህ ተነሥቶ ይህን ዐወቀ። እያንዳንዱ ፍጥረት ለአንድ ጠባይ ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ ይቀበላል። ከሁለቱ አንደኛው ሊገዛ፥ ሁለተኛው ሊሸሸግ ይችላል፤ የተሸሸገው ግን ሳይለወጥ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሊቃውንት ይህን የጠባይ ምንጭ በኋላ ጂን ብለው ጠሩት፤ በአማርኛ ዘረ መል ይባላል። ሜንዴል ሥራውን በ1865 ዓ.ም. ለከተማው ሊቃውንት አነበበላቸው፤ በማግሥቱ ዓመትም ታተመ። ነገር ግን የሚያስተውለው ሰው አልተገኘም። እርሱ በ1884 ዓ.ም. ሞተ፤ ሥራውም እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ኖረ።

ቫቪሎቭ ይህን ትምህርት ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ነበር። በ1916 ዓ.ም. በፋርስ ምድር የነበሩት የመስኮብ ወታደሮች ያገሩን እንጀራ በበሉ ጊዜ ራሳቸው እየዞረ እንደ ሰካራም ይሆኑ ነበርና፥ ምክንያቱን እንዲመረምር ወደዚያ ተላከ። ምክንያቱም በስንዴው መካከል የተቀላቀለው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። እንክርዳድ የበላ ሰው ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ገበሬ ያለ ሊቅ ምስክርነት ያውቀዋል። ቫቪሎቭ ግን ይህን መልእክት ፈጽሞ ወደ አገሩ ለመመለስ አልቸኰለም፤ የፋርስንና የፓሚርን ተራራ እየዞረ ዘር ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ በሄደበት አገር ሁሉ ከረጢቱ ከዘር አልተለየም።

በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኖ ሳለ በ1920 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። አዝርዕትን ጐን ለጐን አስቀምጦ ቢያይ፥ የሚዛመዱ ዘሮች ልዩነታቸውም የሚመሳሰል ሆኖ አገኘው። ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጺም የቆመ ሹል ፀጉር ያለውና የሌለው ዓይነት አለው፤ ገብስም እንዲሁ ሁለቱም ዓይነት አለው። ፍሬው ነጭ፥ ቀይ፥ ጥቍር የሚሆነውም በአንዱ ዘር ብቻ አይደለም። የአጎት ልጆች በልዩ ልዩ ቤት ተወልደው አፍንጫቸውና ዓይናቸው እንደሚመሳሰል ማለት ነው። ስለዚህ በአንዱ ዘር የታየ ጠባይ በዘመዱ ያልታየ እንደ ሆነ፥ የለም ከማለት ይልቅ ፈልጉት ማለት ይገባል አለ። ከዘሮቹም አንዱ ይህ ጠባይ የጐደለው ዱረም የሚባለው ጠንካራው ስንዴ ነበረ፤ ጺም የሌለው ዱረም በዚያን ጊዜ ገና በሊቃውንት ዘንድ አልታወቀም ነበር።

በ1921 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ አገር ታላቅ ረኀብ ገባ፥ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብም አለቀ። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ በፔትሮግራድ፥ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፥ የአዝርዕት ምርምር ቤት አለቃ ሆነ። የተረከበው ቤት እሳት የማይነድድበት ብርዳም ቤት ነበረ። ነገር ግን አሳቡ የታወቀ ነበር። ድርቅን የሚችል፥ ብርድን የሚችል፥ በሽታን የሚችል ዘር በምድር ላይ አንድ ቦታ አለ፤ እርሱን አግኝቶ ከአገሩ ዘር ጋር ቢያዳቅል ረኀብን ማሸነፍ ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ይህም ዘር የሚገኘው በታላላቅ አትራፊዎች እርሻ ሳይሆን፥ ከጥንት ጀምሮ በተራራ ላይ ከሚያርሱ ድኾች ዘንድ ነው አለ። በ1926 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አዝርዕት ከጥንት የተገኙባቸውን አገሮች ዘረዘረ፤ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አሁን የቀረው ሄዶ ማየት ነበር።

የሜዲትራኒያንን ባሕር ዳርቻ አገሮች ዞሮ፥ በሶርያም የወባ ንዳድ ይዞት ከዳነ በኋላ፥ በ1926 ዓ.ም. መጨረሻ፥ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም.፥ ጅቡቲ ደረሰ። ከዚያም በምድር ባቡር በረሓውን አቋርጦ ድሬዳዋ ገባ። ከድሬዳዋም ወደ ሐረር ደጋ ወጣ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ገና አውሮፕላን አልነበረውም፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ያረፈው በ1929 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሊቁ በሐረር ዙሪያ ባለፈ ጊዜ ድሬ ጠያራ እንዲህ ላለ ስም ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር።

የቫቪሎቭ ልማድ ይህ ነው፤ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ አስቀድሞ ገበያ ይወጣል። በገበያ የተዘረጋውን እህል እያየ በዙሪያው ያለው ምድር ምን እንደሚያበቅል ያውቃል። ከዚያም ወደ እርሻው ይሄዳል፤ የደረሰውን ዛላ ቈርጦ፥ ስሙንና ቦታውን ጽፎ በከረጢት ያኖራል። በሐረርጌ ማሽላው፥ ቡናው፥ ጫቱ በአንድ ኰረብታ ላይ እርከን ተሠርቶለት ይበቅላል፤ የማሽላውም ፍሬ በምድር ውስጥ በተቈፈረ ጕድጓድ ይከተታል። እንደዚህ ያለ አገር የዘር መጽሐፍ ነው፤ ገጹን መግለጥ የሚያውቅ ሰው ብቻ ያሻዋል።

ከሐረር በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በዚያም ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት። ራስ ተፈሪ ራሳቸው የሐረር ልጅ ነበሩ፤ የተወለዱት በኤጀርሳ ጎሮ ነው። ስለ መስኮብ አገር መንግሥት ብዙ ነገር እንደ ጠየቁት ቫቪሎቭ በመጽሐፉ ተርኳል። ከዚያም በበቅሎ ጭነት፥ ከአሽከሮችና ከአስተርጓሚ ጋር፥ በአንኮበር በኩል አድርጎ ወደ ሰሜን ተነሣ።

የአባይን ሸለቆ ወርዶ ተሻገረ፤ ጐንደርን አየ። አንድ ሌሊት በድንኳኑ ተኝቶ ሳለ ቢነቃ መሬቱ ሁሉ በጊንጥና በትላልቅ ሸረሪት ተሸፍኖ አገኘው ይባላል። እርሱም መብራቱን ወደ ውጭ አወጣው፤ ተባዮቹም ብርሃኑን ተከትለው ወጡ። እንዲህ ያለው ሌሊት ባለፈ በማግሥቱ እንደ ልማዱ ማልዶ እርሻ ለእርሻ ይሄድ ነበር። የሚተኛው በሌሊት አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ ነበር፤ አብረውት የሠሩት ሁሉ በዚህ ይደነቁ ነበር።

በኢትዮጵያ እርሻ ያየው ነገር አስደነቀው። በአውሮጳ እርሻ አንድ ዓይነት ስንዴ ብቻ ይዘራል፤ ሁሉም እኩል ይቆማል፥ ሁሉም አንድ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ግን በአንድ እርሻ ውስጥ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተቀላቅሎ ነበር፤ ከመካከሉም ፍሬው ሐምራዊ የሆነ ይገኝ ነበር። በሰሜንም ስንዴና ገብስ አንድነት ተዘርቶ ሐንፈጽ ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ቢያይ ገበሬው ዘሩን መለየት ያልቻለ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዝናብ ቢጠፋ አንዱ ይሞታል፥ አንዱ ይተርፋል፤ በሽታ ቢመጣ አንዱ ይወድቃል፥ አንዱ ይቆማል። ቅልቅሉ የድኻው ገበሬ ዋስትና ነው።

ወደ አክሱም በቀረበም ጊዜ ሲፈልገው የኖረውን አገኘ። በገበሬ እርሻ ውስጥ ጺም የሌለው ዱረም ስንዴ ቆሞ ነበር። በሳራቶቭ ሆኖ ይኖራል ተብሎ የተገመተው በኢትዮጵያ ተራራ ላይ በእጅ ተያዘ። ከዚያም በአስመራ በኩል ወጥቶ ሲሄድ ከ6,000 የሚበልጥ የዘር ናሙና ከኢትዮጵያ ወስዶ ነበር።

ዛሬ ሊቃውንት አንድ ነገር አርመዋል። ስንዴና ገብስ ብዙ ዓይነት ሆነው በኢትዮጵያ ስለ ተገኙ ብቻ ጥንት የተገኙት በኢትዮጵያ ነው ማለት አይቻልም፤ አስቀድሞ በምሥራቅ፥ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች አካባቢ፥ ለማዳ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እዚህ በዙ። ጤፍ፥ ኑግና እንሰት ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ራሱ ከዱር አምጥቶ ያለመዳቸው ናቸው።

ቫቪሎቭ ከዚያ በኋላ ወደ ቻይና፥ ወደ ጃፓን፥ ወደ ሜክሲኮ፥ ወደ ደቡብ አሜሪካም ሄደ። በሌኒንግራድ ያለው ጐተራ በ1940 ዓ.ም. ወደ 250,000 የሚጠጋ ናሙና ይዞ ነበር፤ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የሚተካከለው አልነበረም። እርሱም የአገሩ የእርሻ ሊቃውንት ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ክብሩ ግን አልቈየም።

ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሌላ ሰው ተነሣ። ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ነበረ፤ ቫቪሎቭ በመጀመሪያ ሥራውን አመስግኖለት ከፍ እንዲል ረድቶት ነበር። ሊሴንኮ ግን ዘረ መል የሚባል ነገር የለም አለ። ዘሩን በብርድና በርጥበት ብናሠለጥነው ጠባዩ ይለወጣል፥ የተለወጠውም ለልጁ ይተላለፋል አለ። ቫቪሎቭ አዲስ ዘር ለማውጣት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያሻል ሲል፥ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አደርሳለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ። የአገሩ ገዢ ስታሊን ፈጣኑን ተስፋ ወደደ። ስለ ዘር ጠባይ ማን እውነቱን እንደ ተናገረ መለየት ያለበት እርሻው ነበር፤ ገዢው ግን እርሻውን ሳይጠይቅ ፈረደ።

ብዙ ሰዎች ፈርተው አሳባቸውን ለወጡ። ቫቪሎቭ ግን በእሳት ቢያቃጥሉት እንኳ ያመነበትን እንደማይክድ በግልጽ ተናገረ። በ1939 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ የዓለም የጄኔቲክስ ሊቃውንት ሲሰበሰቡ ፕሬዚዳንታቸው እንዲሆን መረጡት፤ መንግሥቱ ግን እንዳይሄድ ከለከለው።

በነሐሴ 6 ቀን 1940 ዓ.ም.፥ ይህም በአውሮጳ ወር ነው፥ በዩክሬን ምዕራብ በቸርኖቭትሲ አጠገብ ዘር ሲሰበስብ ውሎ ሳለ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ጓደኞቹ በዚያን ቀን የሰበሰበውን ከረጢት ፈትተው ሲመለከቱ፥ በኢትዮጵያ አጃ የሚባለውን ስንዴ የሚመስል ጥንታዊ ዘር አገኙ ይባላል። እርሱ የመጨረሻው ግኝቱ ነበር። በ1941 ዓ.ም. የአገሩ ጠላትና ሰላይ ነህ ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ በማግሥቱ ዓመት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በእስር ቤትም ሳለ አብረውት ለታሰሩት ስለ አዝርዕትና ስለ ዘር ውርስ ያስተምራቸው ነበር። በጥር 26 ቀን 1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ፤ ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። ሳራቶቭ በጕልምስናው መምህር የሆነባት ከተማ ናት። ለሕዝብ እንጀራ ለማብዛት የደከመው ሰው ሰውነቱ በረኀብ አልቆ ሞተ።

በዚሁ ዘመን የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከብቦ ነበር፤ ከበባው ከ1941 እስከ 1944 ዓ.ም. ቈየ። በከተማዪቱ እንጀራ በግራም ተመዝኖ ይሰጥ ነበር። በቫቪሎቭ ጐተራ ግን ስንዴ፥ ሩዝ፥ አጃ፥ ባቄላና ለውዝ በሣጥን ሞልቶ ነበር። ጠባቂዎቹ አለቃቸው በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት አያውቁም ነበር። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢት መካከል በረኀብ ሞተ። የለውዙ ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን እንዲሁ ሞተ፤ የአጃዋ ጠባቂ ሊልያ ሮዲናም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። ዘሩን ግን አልበሉትም። የሐረር ገበሬ ልጁ እየራበው ለዘር ያኖረውን ማሽላ ሲያይ ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ ሰው እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ሊመዝን ይችላል።

የቫቪሎቭ ወንድም ሰርጌይ በ1945 ዓ.ም. የአገሩ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት ተደረገ። ወንድሙን የገደለው መንግሥት ታላቁን ሹመት ለእርሱ ሰጠው፤ እርሱም ተቀበለው። እምቢ ቢል ወንበሩ ለሊሴንኮ ይሰጥ ነበር የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል አይደለም።

ሊሴንኮ ዘረ መል የለም ብሎ ሲያስተምር፥ በሌላ አገር ዘረ መል በዓይን የሚታይ ነገር እየሆነ ነበር። የማንኛውም ፍጥረት ሰውነት ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች አሉ፤ በሰው 46፥ በዱረም ስንዴ 28፥ በማሽላ 20፥ በገብስ 14 ናቸው። ክሩ የተፈተለበት ነገር ዲ ኤን ኤ ይባላል። በ1953 ዓ.ም. ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፥ ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ምርምር በተገኘ የራጅ ሥዕል ተረድተው፥ ዲ ኤን ኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል መሆኑን ገለጡ።

የዚህ መሰላል ርከኖች አራት ፊደላት ናቸው፤ አዴኒን፥ ታይሚን፥ ጓኒን፥ ሳይቶሲን ይባላሉ። አዴኒን ከታይሚን ጋር፥ ጓኒንም ከሳይቶሲን ጋር ይጣመራል እንጂ ሌላ ጥምረት የለም። ስለዚህ መሰላሉ ከመካከሉ ቢሰነጠቅ እያንዳንዱ ግማሽ የጐደለውን ግማሽ መልሶ ይሠራል፤ አባት ለልጁ መጽሐፉን ገልብጦ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው። ፊደላቱ ሦስት ሦስት ሆነው ይነበባሉ፤ ሦስቱ እንደ አንድ ቃል ሆነው ለፕሮቲን መሥሪያ የሚሆን አንድ ነገር ይጠራሉ። ዘረ መል ማለት ስለ አንድ ፕሮቲን አሠራር የተጻፈ አንድ ምዕራፍ ነው።

በዚህ መጽሐፍ አንድ ፊደል ቢሳሳት ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ነርሶች የሚማሩት አንድ ምሳሌ አለ። በደማችን ውስጥ አየርን የሚሸከመው ፕሮቲን ሔሞግሎቢን ይባላል። በዘረ መሉ በአንድ ቦታ አዴኒን በታይሚን ቢተካ፥ ቀዩ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይጐብጣል። ልጁ ይህን ስሕተት ከአባቱም ከእናቱም ከወረሰ ይታመማል። ከአንዳቸው ብቻ ከወረሰ ግን ስሕተቱ እንደ ሜንዴል የተጨማደደ አተር ተሸሽጎ ይኖራል፤ ልጁም ጤነኛ ነው፥ ከወባም በጥቂቱ ይጠበቃል። ስሕተት የሚባለውም ነገር አንዳንድ ጊዜ ጥቅም እንዳለው ከዚህ ይታያል።

በአዝርዕትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የገብስን ቅጠል ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ሊቃውንቱ ከብዙ አገር የመጣውን ገብስ እየዘሩ ሲፈትኑ በሽታውን የሚችለው ከኢትዮጵያ የመጣው ገብስ ሆኖ ተገኘ፤ ኀይሉም ከአንድ ዘረ መል የመጣ ነበረ። ደግሞ በገብስ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነስ ነጭ ሻጋታ አለ። ይህን የሚከለክለው ዘረ መልም በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ ተገኝቶ፥ ዛሬ በአውሮጳ እርሻ ብዙ ያገለግላል። እነዚህን ዘሮች የሰበሰቡት ሌሎች ናቸው፤ የመሰብሰቡን ምክንያት ለዓለም ያስተማረው ግን ቫቪሎቭ ነበር። ገብሱን መርጦ እየዘራ ያቈየው የኢትዮጵያ ገበሬ ስሙ በየትም አልተጻፈም።

ቫቪሎቭ በደል እንደሌለበት የአገሩ ፍርድ ቤት በ1955 ዓ.ም. ወሰነ። የሠራበትም ቤት በስሙ ተጠራ። ሊሴንኮ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሥልጣኑ ኖረ፤ በእርሱም ምክንያት በዚያ አገር አንድ ትውልድ ሙሉ ስለ ዘር ውርስ እውነቱን ሳይማር አለፈ።

በኢትዮጵያም በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመት አለቃው ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ድርቁ በጸና ጊዜ የተራበው ገበሬ ዘሩን ሳይቀር ስለ በላ፥ ከአባቶቹ የወረሰው ዘር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከማከማቻው የተላኩ ሰዎችም በየአገሩ እየዞሩ የቀረውን ሰበሰቡ፤ በኋላም በሸዋና በወሎ ከገበሬዎች ጋር ሆነው የአገሩን ስንዴና ማሽላ አባዝተው መለሱ።

ዘር በጐተራ ለዘላለም አይኖርም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ በቫቪሎቭ ቤት፥ ዛሬ ፒተርስቡርግ በተባለችው በዚያች ከተማ፥ ዘሩን በየጊዜው አውጥተው ይዘሩታል፥ አዲሱን ፍሬ ለቅመውም በአሮጌው ፈንታ ያኖራሉ። በ1927 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በበቅሎ የወጣው የስንዴና የገብስ ዘርም እንዲሁ በመስኮብ ምድር እየተዘራና እየታጨደ እስከ ዛሬ አለ።